ከሽንፋ ማዶ የጻፍኳቸው ሰባት ስሞች

ባለፈው ሳምንት ልጄ ትዕግሥት ከሥልጠና መልስ ምሳ ልትበላ ቤቴ መጣች። እሷም እንደ እኔ መምህር ናት፤ እዚሁ ጎንደር አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። አምስት ቀን ሙሉ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች እንዴት ለይቶ ማስተማር እንደሚቻል ሲሠለጥኑ ሰንብተዋል። ምሳው እስኪቀርብ ከቦርሳዋ አንድ ጥራዝ አወጣችና ደስ ያላትን እየመረጠች ታነብልኝ ጀመር። «ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ ልዩ ተሰጥኦ አለው ማለት አይደለም» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳቅ አልኩ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር እኔ ራሴ፣ ከእሷ ባነሰ ዕድሜ፣ ሰሌዳ ላይ ጽፌ ለአሥራ አንድ መምህራን አስገልብጬዋለሁ።

ቀጥላ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠችልኝ። ባዶ ሰንጠረዥ ነው። ተራ ቁጥር፣ የተማሪው ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስም፣ አድራሻ። «እስከ ሰኞ ሞልታችሁ አምጡ ተብለናል» አለችኝ። ምሳው ሲቀርብ ሁለት ጊዜ ያህል ጎርሼ እጄን ሰበሰብኩ። ምን ሆንክ ስትለኝ ሙቀቱ ነው አልኳት። በጥር ወር ጎንደር ላይ ሙቀት እንደሌለ እሷም ታውቃለች፤ ግን አላስጨነቀችኝም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ወዲህ ነው፤ ዘመኑን በዚህ ማወቅ ይበቃል። ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥቼ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ በገንዳ ውሃ፣ ያኔ ብዙዎቻችን ሸኸዲ በምንላት ከተማ፣ አስተምር ነበር። ጎንደር ተወልዶ ላደገ ልጅ ቆላው በአንድ ጊዜ አይወደድም። የመጀመሪያውን ዓመት ወባ ሦስት ጊዜ አልጋ ላይ ጥሎኝ፣ ክሎሮኪኑ ጆሮዬን እያጮኸው፣ ወደ ደጋ የሚወጣ መኪና በሕልሜ እያየሁ ነው ያሳለፍኩት። በክረምት ጥቁሩ ዋልካ ጫማ ላይ እየተደራረበ እግር ያከብዳል፤ በበጋ ያው መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል። ከዚያ ደግሞ ሳላስበው ለመድኩት። በደረቀ ባምያ የሚሠራውን ዌካ በማሽላ እንጀራ መብላት፣ ከማዶ ከሱዳን የሚመጣውን ከርከዴ አቀዝቅዞ መጠጣት፣ ጥቅምት ላይ በየማሳው ከቆመው ሰሊጥ የሚመጣውን ሽታ። ዛሬም ጎረቤት ሰሊጥ ስትቆላ ሥራዬን አቁሜ የማሸትበት ጊዜ አለ።

በዚያ ዓመት ክረምት ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ጎንደር ተጠራሁ። ከሸኸዲ አይከል ለመድረስ ብቻ ሁለት ቀን ፈጀብን፤ ከመኪናው ላይ የተቀመጥንበት ጊዜና ከጭቃ ውስጥ የገፋንበት ጊዜ እኩል ሳይሆን አይቀርም። የሥልጠናው ርዕስ ልዩ ተሰጥኦ ስላላቸው ተማሪዎች አያያዝ ነበር። ለዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነው። አሠልጣኛችን ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሠልጣኞቹ መካከል ካድሬ የነበረው ተነሥቶ፣ ይህ ነገር የሰፊውን ሕዝብ ልጆች አዋቂና መሃይም ብሎ በመደብ መከፋፈል አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀው። አሠልጣኙ መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ ከቆላ የመጣ ሰው አለ ወይ አለ። እጄን አወጣሁ።

«ቀድሞ የደረሰ ሰሊጥ፣ ሌላው እስኪደርስ ሳይታጨድ ቢቆይ ምን ይሆናል?» አለኝ።

«ይረግፋል» አልኩት።

«የረገፈው የማን ነበር?»

«የሰፊው ሕዝብ» አልኩ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ ካድሬውም ሳቀና ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ አሠልጣኙ ወደደኝ መሰለኝ። እኔም የሚናገረውን አንድም ሳላስቀር እጽፍ ነበር። ለሚፈጥን ልጅ ብዙ ሥራ አትስጡት፣ ጠለቅ ያለ ሥራ ስጡት ይለናል። መልሱን ሳይሆን ጥያቄውን የሚጠራጠር ልጅ ካለ እሱን ልብ በሉት ይለናል። አራተኛ ክፍል ሳለሁ ከአስተማሪው ቀድሜ ሂሳቡን በመሥራቴ ጥግ ቆመህ ዋል የተባልኩበት ቀን ትዝ እያለኝ፣ ይህ ሰው ስለ እኔ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ የቆላውን መምህራን እንዳሠለጥን ተመረጥኩ። በዚያ ዕድሜ መመረጥ ሰውን ምን እንደሚያደርገው የደረሰበት ያውቀዋል።

ሥልጠናውን የሰጠሁት ከመስቀል በኋላ ኮኪት ላይ ነው። ከወሎና ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች ማጭዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በየሎሪው ላይ ተጭነው የሚገቡበት ሰሞን ስለነበር፣ ከተማው መተኛ ቀርቶ መቆሚያም አልነበረውም። አሥራ አንዱ መምህራን አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። ከሁሉም የሚበልጡት ጋሽ ተገኘ ነበሩ። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ፣ በእግር ሁለት ሰዓት በምታስኬድ መንደር፣ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያለውን ብቻቸውን ያስተምራሉ። የመንደሯን ስም ብተወው ይሻላል። ጋሽ ተገኘ በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ፣ ኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት የዞሩ፣ ረጅምና ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ሦስቱን ቀን ከኋላ ተቀምጠው አዳመጡኝ። በመጨረሻው ቀን ስም መሙያውን ቅጽ ሳድል ብቻ ተናገሩ።

«እኛ ቅኔ ቤት ሳለን» አሉ፣ «የሚፈጥን ተማሪ ሲመጣ የኔታ ስሙን አያነሡም ነበር። ዝም ብለው ከባዱን ይሰጡታል። እሱም ከሌላው ተለይቶ እንደከበደው ሳያውቅ ያድጋል።»

እኔም ጋሽ ተገኘ፣ አሁን ሁሉም ነገር በዕቅድና በሪፖርት የሚሠራበት ዘመን ነው አልኳቸው። መምህራኑ ሳቁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ቅጹን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ጥቅምት ሲጋመስ የአሥሩ መምህራን ቅጽ ተሞልቶ ደረሰኝ። የጋሽ ተገኘ ግን ባዶውን ነው የመጣው። ከታች በጥሩ የቁም ጽሕፈት አንዲት መስመር ብቻ አለችበት፤ «ሁሉንም አስተምራለሁ» ትላለች። አሁን ሳስበው ጥሩ መልስ ነው። ያን ጊዜ ግን እንደ ስድብ ቆጠርኩት። ሪፖርቴ ጎዶሎ ሊሆን ነው። ስለዚህ ራሴ ልሂድ አልኩ።

እስከ ሽንፋ ከተማ በጆንያ ክምር ላይ ተቀምጬ በእርሻ መኪና ሄድኩ። ከዚያ ጫማዬን አንጠልጥዬ ወንዙን ተሻገርኩ፤ ክረምቱ ካለፈ ሰንብቶ ስለነበር ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ማዶው ሁሉ ሰሊጥና ማሽላ ነው። ጋሽ ተገኘ መምጣቴን ሲያዩ ምንም ቅር ሳይላቸው የማሽላ እሸት ጠብሰው፣ በእጃቸው አሽተው እያራገፉ አበሉኝ። ከክፍላቸው ገብቼ አንድ ጊዜ ላስተምር ስላቸውም ደስ እንዳለህ አሉኝ።

ክፍሉ የሣር ጣራ ያለው ዳስ ነው። ሠላሳ ምናምን ልጆች በግንድ ላይ ተደርድረዋል። ጎንደር የተማርኩትን ዓይነት ጥያቄ ጠየቅኳቸው። ከወንዙ ዳር ያለውን ማሳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ አልኩ። የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ፣ እንዲደርቅ እርስ በርሱ ተደጋግፎ በረድፍ በረድፍ ቆሟል፤ ይህን ክምር እዚያ ሂላ ይሉታል። ሁሉንም ሳትቆጥሩ ሂላው ስንት እንደሆነ እንዴት ታውቃላችሁ? አንዱ ተነሥቶ የአንዱን ረድፍ ቆጥሬ በረድፎቹ ብዛት አባዛዋለሁ አለ። ጎሽ ልለው አፌን ስከፍት ከግድግዳው ሥር፣ «አይሆንም» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የአሥራ ሁለት ዓመት ግድም ልጅ ናት። አዝመራ ትባላለች፤ ስሟን ኋላ ነው ያወቅኩት። ለምን አይሆንም አልኳት።

«ማሳው ወደ ወንዙ ሲሄድ ይጠባል እኮ» አለች። «ረድፉ ሁሉ እኩል አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

ከዚያ ወደ ፊት መጥታ በጣቷ አፈሩ ላይ መስመር በመስመር አሠመረች። «ረጅሙ ረድፍ ለአጭሩ ያበድረው» አለች። «ሁለተኛው ረጅም ደግሞ ለሁለተኛው አጭር። እንዲህ እንዲህ እያሉ መሃል ላይ ሲገናኙ ሁሉም እኩል ይሆናሉ። ማባዛት ከዚያ በኋላ ነው።»

ይህንን እኔ ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ፣ በቀመር ተሰጥቶኝ፣ በቃሌ ይዤ ያለፍኩት ነው። ማን አስተማራት ብዬ ወደ ጋሽ ተገኘ ዞርኩ። «ማንም» አሉ። የተናገሩበት ድምፅ ኩራትም ፍርሃትም ነበረበት፤ ፍርሃቱን ግን አልሰማሁትም።

በምሳ ሰዓት ከዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሁሉንም ነገሩኝ። የአዝመራ አባት ሙሉነህ ከጎጃም ለአረም ወርዶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ወጣቶች ለትራክተር ነጂነት ይሠለጥናሉ ተብሎ ቀበሌው ስም ጻፈ። የሙሉነህ የበኩር ልጅ ደመቀ ደስ ብሎት ተመዘገበ። ሎሪው መጣ፣ ልጆቹን ጫነ፣ ሄደ። ትራክተሩ የለም። ከሰሜን ጦር ግንባር አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ያነበቡላቸውም ጋሽ ተገኘ ናቸው። ሁለተኛ ግን አልመጣም።

«በዚህ መንደር ስሙ ወረቀት ላይ የሰፈረ ልጅ ተወሰደ ማለት ነው» አሉኝ።

«ይህ ግን ለትምህርት ነው» አልኳቸው።

«ያም ለትምህርት ነበር የተባለው።»

ልጅቷን ዝም ብለው እንዳልተዋትም ነገሩኝ። ከሽንፋ የስድስተኛ ክፍል የሂሳብ መጽሐፍ ተውሰው አምጥተውላታል፤ ግማሹን ጨርሳለች። አይከል እህት አለቻቸው። ዘንድሮ አራተኛን ስትጨርስ አባቷን ቀስ ብለው አግባብተው፣ ከእህታቸው ጋር ተቀምጣ አምስተኛን እንድትቀጥል አስበዋል። ሙሉነህ ገና እሺ አላለም፤ ግን መስማት ጀምሯል። ታገሠኝ፣ ጥቂት ወራት ስጠኝ ነው የሚሉኝ።

እኔ የተሰማኝን ልናገር። ቅናት ነው። ሦስት ሳምንት የሠለጠንኩበትን፣ ሦስት ቀን ያሠለጠንኩበትን ነገር እኚህ ሽማግሌ ያለ ቅጽ፣ ያለ ጥራዝ፣ ያለ አበል ሲሠሩት ኖረዋል። እኔ ለምንም እንደማላስፈልግ ሆኖ ተሰማኝ። እሳቸው ለከሰዓት ፈረቃ ወደ ክፍል ሲገቡ መዝገባቸውን ሳብኩና ቅጹን ራሴ ሞላሁ። ከላይ አዝመራ ሙሉነህን ጻፍኩ። ከሥሯ ስድስት ስም ጨመርኩ። ሰባት መሆናቸው ራሱ ውሸት ነበር፤ ከእሷ ሌላ በእርግጠኝነት ልሰይመው የምችል ልጅ አላየሁም። አንድ ስም ብቻ ይዞ መመለስ ግን ለሪፖርት አይመችም።

ማንኛውም ከመንደር የሚወጣ ወረቀት በቀበሌ ማለፍ ነበረበት። አንዱን ቅጂ ለሊቀ መንበሩ ሰጠሁና በዚያው ሳምንት እሑድ ስብሰባ ላይ እንዳስረዳ ተስማማን። ለጋሽ ተገኘ አልነገርኳቸውም። ስብሰባው ላይ በትክክል ሳስረዳ፣ ሕዝቡም ደስ ሲለው ያዩታል ብዬ ነበር።

ሕዝቡ ትልቁ የዲማ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። እኔና ጋሽ ተገኘ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሊቀ መንበሩ መጀመሪያ ስለ እህል ኮታ ተናገረ። ቀጥሎ ስለሚመጣው ዙር የውትድርና ምልመላ ተናገረ። ከዚያ ውሃ እንኳ ሳይጎነጭ፣ በዚያው ድምፅ፣ የእኔን ወረቀት አወጣና «መንግሥት የሚፈልጋቸው ልጆች» ብሎ ስም መጥራት ጀመረ። አስረዳለሁ ያልኩት ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ሰባቱን ጠርቶ ሲጨርስ የሰማሁት አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ስትስብ ብቻ ነው።

ሙሉነህ ተነሣ። አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። «ልጄን ምን ልታረጓት ነው? ሴት ናት እኮ» አለ።

ሊቀ መንበሩ ለልዩ ትምህርት ነው አለው።

«ስሟን ማን ሰጠ?»

«መምህሩ ነዋ» አለ ሊቀ መንበሩ። እኔን ማለቱ ይሁን፣ እሳቸውን ማለቱ ይሁን፣ ወይስ ሳያስበው ያመጣው ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። መንደሩ የሚያውቀው መምህር ግን አንድ ነው። ዓይን ሁሉ ወደ ጋሽ ተገኘ ዞረ።

እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። አልተቆጡም፤ አዩኝና ጠበቁኝ። ተነሥቶ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ማለት ሦስት ቃል ነው። ያን ያህል ጊዜ ነበረኝ፣ ከዚያም የሚበልጥ ጊዜ ነበረኝ። እኔ ግን ጉልበቴ ላይ የተለጠፈውን ጭድ አንድ በአንድ እያነሣሁ መሬት መሬት አየሁ።

ጋሽ ተገኘ ተነሡ። «ሙሉነህ፣ ታውቀኛለህ» አሉ። «ለትምህርት ነው። ክፉ አያገኛቸውም፤ እኔ አለሁ።»

«ደመቀንም አንቱ ነበሩ ያስተማሩት» አለ ሙሉነህ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ይህንኑ ብሎ ተቀመጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንደዚያ እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «አንተ ነገ ትሄዳለህ» አሉኝ። «እኔን ግን ያምኑኛል ብዬ ነው። እኔ ካልኳቸው ይረጋጋሉ ብዬ።» ሃያ ዓመት አብረዋቸው ኖረዋል፤ እንዲህ ማሰባቸው አይፈረድም።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሸኸዲ ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ደረሰኝ። ከሰባቱ ልጆች የአራቱ ቤተሰብ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ገብቷል። ሙሉነህ የዓመት ልፋቱን፣ ያልተወቃውን ሰሊጥ፣ ከነሂላው በማሳው ላይ ትቶት ነው የሄደው። አዝመራ የስድስተኛ ክፍሉን መጽሐፍ ለጋሽ ተገኘ መልሱልኝ ብላ ለጎረቤት ሰጥታለች። የተውሶ መጽሐፍ መሆኑን ታውቅ ነበር።

የቀሩት ሰዎች ጋሽ ተገኘን አልደበደቡም፣ አልሰደቡም። ሰላምታ ነው የነሷቸው። ደብዳቤ ለማስነበብ እሳቸው ቤት ይመጡ የነበሩ እናቶች ሁለት ሰዓት ተጉዘው ሽንፋ ማስነበብ ጀመሩ። ከተማሪዎቹም ብዙዎቹ ቀሩ። እኔ ይህን ሁሉ እሰማለሁ። በየሳምንቱ፣ ነገ ሄጄ እውነቱን እናገራለሁ እላለሁ። መንገዱ ያሰጋል፣ ፈተና ደርሷል፣ ወባው ተነሥቶብኛል። ምክንያት ጠፍቶኝ አያውቅም።

ዓመቱ ሲያልቅ ጋሽ ተገኘ ወደ አይከል ተዛወሩ። በሸኸዲ ሲያልፉ አገኘኋቸው፤ አንድ የእንጨት ሣጥን፣ አንድ ፍራሽና በገመድ የታሰሩ መጻሕፍት ይዘዋል። ሻይ ቤት ተቀመጥን። ያኔም ከመሄዳቸው በፊት አብረን ተመልሰን ለሕዝቡ ልናገር አልኳቸው። ከልቤ ይሁን አይሁን ዛሬ ምስክር ልሆንለት አልችልም። ሻዩን እያማሰሉ ቆዩና፣ «አሁን ብትነግራቸው አንተን ይጠሉሃል እንጂ እኔን አይመልሱኝም» አሉ። «ጊዜው ሲያልፍ ንገራቸው። ብቻ እንዳትረሳ።»

የዚያ ሁሉ ቅጽ ነገር ምን ሆነ የሚል ቢኖር፣ ምንም አልሆነም። ከዓመት በኋላ ለሌላ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ቅጾቼን ከማባዣ ማሽኑ ሥር ካርቶን ውስጥ አገኘኋቸው። ጀርባቸው ባዶ ስለነበር የፈተና ጥያቄ ተባዝቶባቸው፣ የተረፉት ተጥለው ነው። ሰባቱን ስም የፈለገ ማንም አልነበረም።

ጋሽ ተገኘ ደርግ ከመውደቁ ቀደም ብሎ አይከል ላይ አረፉ። የሰማሁት ከተቀበሩ ከወራት በኋላ ነው።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ካለፈ በኋላ ከሱዳን ተመላሾች መካከል የሙሉነህ ልጅ መተማ ዮሐንስ ላይ ምግብ ቤት ከፍታለች ሲሉ ሰማሁ። በዚያን ጊዜ እንኳ ለመሄድ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ቤቷ ከኬላው አጠገብ ናት፤ ሹፌሮች ይበሉባታል። ወፍራም፣ ፈጣን፣ ከአንዱ ጋር በዓረብኛ ከሌላው ጋር በአማርኛ የምትቀልድ ሴት ሆናለች። እኔ ባልጠይቅ አላውቃትም ነበር። እሷ ግን ስለ ሰሊጡ የጠየቅኩ ሰውዬ ነኝ ስላት ወዲያው አወቀችኝ። ደስ አላት። ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ሳሉ ትምህርት ቤት እንዳልገባች፣ የዓረብኛ ፊደል የለመደችው በሎሪዎቹ ላይ ከተጻፈው እንደሆነ፣ አባቷ እዚያው እንደሞተ፣ ደመቀም ወሬው እንደጠፋ እንደቀረ እየሳቀችም እያዘነችም አጫወተችኝ።

«አዝመራ» አልኳት፣ «ያን ቀን ስምሽን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ተገኘ አልጻፉም። አትጻፍ ብለው ለምነውኝ ነበር።»

እጇ ላይ የነበረውን ትሪ አስቀመጠች።

«አባቴ ነፍሱ እስክትወጣ ይረግማቸው ነበር» አለች። «እኔም ረግሜያቸዋለሁ።» ከዚያ ጠየቀችኝ። «አሉ?»

«ሞተዋል።»

ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የምትመለስ አልመሰለኝም ነበር። ዌካ በኪስራ፣ በሱዳኖቹ ስስ የማሽላ ቂጣ፣ አድርጋ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችና «ይብሉ» አለችኝ። እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ ከበሩ ላይ ተቀመጠች። ጥዬው መሄድ ሌላ በደል መሰለኝና ሁሉንም በላሁት። ስወጣም ደህና ይግቡ አለችኝ፤ ፊቷን ግን አላዞረችም። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ይህንን ሁሉ ለትዕግሥት የነገርኳት ባለፈው እሑድ ነው። ከሙቀቱ ምክንያት በኋላ ልቧ አላረፈም ነበርና ተመልሳ መጥታ ጠየቀችኝ። እንደዚህ ሆኜ አይታኝ አታውቅም። ስጨርስ ቅጹን ትሙላ አትሙላ ጠየቀችኝ። ሙዪው አልኳት። ዘመኑ ሌላ ነው፤ የሚፈጥን ልጅ አጠገቡ ሰው ካጣ እንደሚባክን አሠልጣኛችን ያለው እውነት ነው፣ ዛሬም አምንበታለሁ። ብቻ ከመጻፍሽ በፊት ቤታቸው ሂጂ፣ እናት አባቱ ስለ ወረቀት ምን ምን እንደደረሰባቸው ስሚ፤ ለማሳየት ብለሽ ደግሞ ስም አትጨምሪ አልኳት። እኔ የሠለጠንኩት ልጅ ለመለየት ነበር። ስለ መንደሩ ያልጠየቅኩት ማንም ስላላስተማረኝ ነው ብዬ ለዓመታት ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ዋናው ግን እሱ አይደለም። ስም በስህተት የጻፈ ሰው ይቅር ሊባል ይችላል፤ ወጣት ነበር ይባላል። በዚያ ዛፍ ሥር አንገቴን የደፋሁት ግን ሥልጠና ጎድሎኝ አይደለም።

ትዕግሥት ጥራዟን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። በር ላይ ደርሳ ቆመች።

«ጋሽ ተገኘ ልጅ አላቸው?» አለችኝ።

«አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። አይከል ናት ይባላል» አልኳት። አባቷ የሰው ልጅ አሳልፎ ሰጥቶ ከመንደር የተባረረ ነው እየተባለች እንዳደገች ሰዎች ነግረውኛል። ይህን ለትዕግሥት አልጨመርኩላትም።

«ለእሷ ነግረሃታል?»

አልነገርኳትም። ትዕግሥትም መልሱን ከፊቴ አንብባው ነው መሰል፣ ሳትጠብቅ ሄደች። ከጎንደር አይከል ሩቅ አይደለም። ጠዋት በአውቶቡስ የወጣ ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። መንገዱም አስፋልት ሆኗል ይላሉ።